የማን ዕድሜ ልክ?

"የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየራል?" ብላችሁ አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ጋራዥ ብትገቡ አራት መልስ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። አንዱ በ40 ሺህ ይላል። ሌላው በ100 ሺህ ይላል። ሦስተኛው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀና ብሎ ያያችሁና "በሰላም እየሄደ ከሆነ ምን አስነካችሁ?" ይላል። አራተኛው መልስ የሚመጣው ከዚያው ከሦስተኛው ጋራዥ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ከተቀመጠው ረዳት ነው፤ "እሱ እኮ ዕድሜ ልክ ነው፣ አይቀየርም።"

"ዕድሜ ልክ" የሚለውን ቃል በሥራዬ ምክንያት አዘውትሬ የምሰማው ችሎት ውስጥ ነው። እዚያ እንኳ አመክሮ አለው። የካምቢዮ ዘይት ላይ ሲደርስ ግን ይግባኝ የሌለው ፍርድ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ማን እንደፈረደው፣ ስንት ዓመት እንደሆነ፣ የማን ዕድሜ እንደሚለካበት የሚጠይቅ የለም።

የዚህ ቻናል ተከታታዮች ስለ ዘይት ለማንበብ እንዳልመጣችሁ አውቃለሁ። ነገር ግን ሦስት ውሳኔዎችን አስታውሱ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ እንደ ዕድሜውና እንደ ሞተሩ መጠን እስከ 500 በመቶ ጣለ። በጥር 2016 መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ። በሦስቱም ጊዜ ስለ አስመጪው፣ ስለ ጉምሩክና ስለ ዶላር ብዙ ተጽፏል፤ እኔም ጽፌያለሁ። ከሦስቱም በኋላ የቀረችው ግን ግቢያችን ውስጥ የቆመችው አሮጌ መኪና ናት። ምትክ የላትም፣ መለዋወጫዋ በዶላር ነው፣ እና ገና 10 ዓመት እንድትሠራልን እንጠብቃለን። ስለዚህ የካምቢዮዋ ዘይት ወሬ የኢኮኖሚ ወሬ ሆኗል ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ዘይቱ እዚያ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንይ፤ ክርክሩ ሁሉ የሚፈታው እዚያ ላይ ነውና።

የሞተር ዘይት ሥራው ማለስለስና ማቀዝቀዝ ነው ቢባል ብዙም ስህተት የለውም። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ግን ከዚህ አልፎ ራሱ የመኪናው አካል ነው። በማንዋል መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው፤ ሰሌዳ ከሰሌዳ ይያያዛል፣ አለቀ። በአውቶማቲክ መኪና እዚያ ቦታ ላይ ያለው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል በዘይት የተሞላ ክብ ዕቃ ነው። ገጠር ወንዝ ዳር ያለ የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ውሃው በቦዩ ተወርውሮ ክንፎቹን ይመታል፣ መዘውሩ ይዞራል፣ ድንጋዩ ይፈጫል። ሞተሩ በአንድ በኩል ዘይቱን ይወረውራል፣ ዘይቱ በሌላ በኩል ያለውን ክንፍ ይመታል፣ መኪናው ይሄዳል። ውሃው ሲደርቅ ወፍጮው እንደሚቆም ሁሉ፣ ዘይቱ ሲጎድል ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ይቆማል።

ይህ አንዱ ሥራው ነው። ሁለተኛው፣ ማርሽ የሚቀየረው በዘይቱ ግፊት ነው። ካምቢዮው ውስጥ የተደረደሩ ቀጫጭን ሰሌዳዎች አሉ፤ ዘይቱ ሲጫናቸው ይያያዛሉ፣ ሲለቃቸው ይላቀቃሉ። እነዚህ ሰሌዳዎች ሲያያዙ እንዳይመቱ፣ ከተያያዙም በኋላ እንዳይንሸራተቱ የሚያደርጉ ቅመሞች ዘይቱ ውስጥ አሉ። ቅመሞቹ ደግሞ ያልቃሉ። ዋናው ጨራሻቸው ሙቀት ነው። መካኒኮች የሚጠቀሙበት የቆየ ስሌት አለ፤ ዘይቱ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ በ10 ዲግሪ በጋለ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚል። ስሌቱ ግምት ነው፣ ለላቦራቶሪ አይሆንም። አቅጣጫው ግን ትክክል ነው፤ ዘይቱን የሚያስረጀው ኪሎ ሜትሩ ብቻ ሳይሆን ኪሎ ሜትሩ የተሄደበት ሙቀት ነው።

እንግዲህ "ዕድሜ ልክ" ወደሚለው እንመለስ። ቃሉን ጋራዡ አልፈጠረውም፤ ከአምራቾች የመጣ ነው። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ለሚሸጣቸው ብዙ ሞዴሎች በተለመደ አነዳድ የካምቢዮ ዘይት መቀየሪያ ጊዜ አያስቀምጥም። ያው መመሪያ ግን መኪናው ተጎታች የሚጎትት ወይም ከባድ ጭነት የሚሸከም ከሆነ በ60 ሺህ ማይል፣ ማለትም በ96 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቀይሩ ይላል። የጀርመኑን ዜድ ኤፍ ደግሞ ተመልከቱ። ካምቢዮ እየሠራ ለቢኤምደብሊውና ለሌሎች የሚያቀርብ ኩባንያ ነው። መኪናውን የሸጠው ክፍል "ዕድሜ ልክ" ባለው ካምቢዮ ላይ፣ ካምቢዮውን የሠራው ዜድ ኤፍ ራሱ በ80 ሺህና በ120 ሺህ ኪሎ ሜትር መካከል፣ ወይም ቢዘገይ በ8 ዓመት ዘይቱ ይቀየር ብሎ ይመክራል። የልጁን አመል ከእናቱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሁለቱ ለምን ተለያዩ? የእኔ ንባብ ይህ ነው። አዲስ መኪና የሚሸጥ ሰው የሚያስበው ለመጀመሪያው ባለቤት ነው። ዋስትናው እስኪያልቅ ዘይቱ ካገለገለ ለእሱ በቂው ነው። "ጥገና የማይፈልግ" የሚለው ቃል ደግሞ ብሮሹር ላይ ያምራል። የመጀመሪያው ባለቤት ቶኪዮ ወይም ብራሰልስ ወይም ዱባይ ነበር፤ መኪናውን ሸጦ ረስቶታል። "ዕድሜ ልክ" ሲባል የእሱ ዕድሜ ነው የተለካው። እኛ ሦስተኛና አራተኛ ባለቤቶች ነን። መኪናው ወደብ ሲደርስ ያ ዕድሜ አብቅቷል።

ሌላው የማይነሳ ነገር፣ በብዙ አምራቾች መመሪያ ላይ "ከባድ አጠቃቀም" የሚል ዝርዝር አለ። ለረጅም ጊዜ ሞተር አስነስቶ መቆም፣ በዝግታ ረጅም መንገድ መሄድ፣ አቧራማ መንገድ፣ ተራራማ አገር፣ ታክሲ። አንብቤው ስጨርስ የአዲስ አበባን ካርታ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። ለሌላው ዓለም "ልዩ ሁኔታ" ተብሎ በትንሽ ፊደል የተጻፈው ለእኛ ከመገናኛ ቦሌ ነው።

በዚህ ላይ ከፍታው አለ። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲተያይ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። 1,000 ሲሲ የሆነች ቪትዝ አራት ሰው ጭና ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ያለውን ሁኔታ አስቡት። ነጂው ነዳጁን ይረግጣል፣ ካምቢዮው ወደ ታች ማርሽ ይወርዳል፣ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ይጮኻል፣ ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ዘይቱ እየተናጠ ይግላል። ውጭ ያለው አየር ቀዝቃዛ ነው፤ ብዙ ሰው "አዲስ አበባ ብርድ ስለሆነ ዘይት አያቃጥልም" የሚለው ለዚህ ነው። ካምቢዮው ግን የሚግለው በራሱ ሥራ ነው። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ወደ ጣርማ በር የወጣ፣ ወይም ዓባይ በረሃ ወርዶ ደጀን ላይ ብቅ ያለ አውቶማቲክ መኪና በአንድ ቀን የሚያየው ሙቀት፣ ሜዳ ላይ የሚውል መኪና በወራት የማያየው ሊሆን ይችላል።

ራዲያተሩንም አንርሳው። በብዙ መኪኖች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ውስጥ እያለፈ ነው። እኛ ደግሞ ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ መሙላት ልማዳችን ነው፤ ማቀዝቀዣ ፈሳሹ ለሀብታም መኪና የተሠራ ይመስለናል። የቧንቧ ውሃ ያዝጋል። ያ ቱቦ አንድ ቀን ሲበሳ ውሃው ካምቢዮው ውስጥ ይገባል፣ ቀዩ ዘይት በወተት የተመታ የእንጆሪ ጁስ ይመስላል። ያን ያየ ሰው ስለ ኪሎ ሜትር መጠየቁን ያቆማል፤ ሰሌዳዎቹ ላይ የተለጠፈውን ሽፋን ውሃው ያላቅቀዋልና።

ይህን ሁሉ እንድጠይቅ ያደረገኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። በዕቁብ ገንዘብና እናታችን ባስቀመጠችው ትንሽ ብር የ2003 ሞዴል ቪትዝ ገዝቶ የራይድ ሥራ ጀመረ። ኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ 87 ሺህ ይላል። የመሪው ቆዳ ግን ተልጧል፣ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ እስከ ብረቱ አልቋል። በ87 ሺህ እንዲህ አይሆንም፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ ሁላችንም ደግሞ ሌላ የምንገዛው የለንም። ሻጩ የሰጠው ዋስትና አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ "ካምቢዮዋ ተከፍቶ አያውቅም።"

በሰባተኛው ወር፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ሁለት ሴቶች ጭኖ እየወጣ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ግን መሄድ ተወ። ራስ ሲመለጥ፣ ነገር ሲያመልጥ አይታወቅም ይባላል። በኋላ ሲያስታውስ ምልክቱ ነበረ። ጠዋት ጠዋት ዲ ላይ ስታስገባት ትንሽ አስባ ነበር የምትነሳው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስትቀይር ወገብ ትመታ ነበር። እሱ መንገዱ ነው ብሎ ያስብ ነበር፤ መንገዳችንን ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ምክንያታዊ ግምት ነው። ጋራዥ ተወስዳ ዘይቱ ሲፈስ የቡና አተላ መስሎ ወጣ፤ የተቃጠለ ነገር ሽታው ከግቢው አልፎ ይሸታል። ሲገዛው ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ነው።

ዕቁቡን እሱ ቀድሞ በልቶታል። ዕቁብ ቀድሞ የበላ ሰው መኪናው ቆመ ብሎ መጣሉን አያቆምም። በየሳምንቱ እሑድ ይጥላል። መኪናዋ ለአምስት ሳምንት ቆመች፣ አምስቱንም እሑድ ተበድሮ ጣለ። ከሱማሌ ተራ ያገለገለ ካምቢዮ ተገዝቶ ገባላት፤ ዋጋው ከሁለት ወር ገቢው በላይ ነበር። ያገለገለ ካምቢዮ ደግሞ ምን ማለት ነው? ሌላ ሰው ዘይቱን ሳይቀይር የተጠቀመበት ካምቢዮ ማለት ነው።

ያን ጊዜ ነው ሰንሰለቱ የታየኝ። ጃፓን ያለው የመጀመሪያ ባለቤት ዘይቱን ያልቀየረው ሊሸጣት ስለሆነ ነው። አስመጪው አልቀየረም፤ እሱም ሊሸጣት ነው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ባለቤት "አትንካው" ተባለ፣ አልነካም፣ ሸጠ። ሁለተኛውም እንዲሁ። እያንዳንዱ እኔ እጅ ላይ ሳለች አትበላሽም ብሎ ተወራረደ፣ አብዛኛውም አሸነፈ። ዕዳው ተጠራቅሞ የወረደው የመጨረሻው ሰው ላይ ነው። የመጨረሻው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ መኪናዋን ለመዝናኛ የማይነዳት፣ በእሷ የሚበላው ነው። በአገራችን ብዙ ነገር እንዲህ ነው የሚተላለፈው፤ ፖለቲካውን ለሌላ ቀን ልተወው።

አሁን "ከተቀየረ ይበላሻል" ወደሚለው እምነት። ይህን የሚሉ መካኒኮች ውሸታሞች አይደሉም፤ አይተዋል። አንድ ሽማግሌ መካኒክ፣ ከ30 ዓመት በላይ ካምቢዮ የከፈቱ፣ እንዲህ አሉኝ፤ "ልጄ፣ ሰው መቼ ነው ዘይት ቀይሩልኝ ብሎ የሚመጣው? መንሸራተት ሲጀምር። ያን ጊዜ ሰሌዳው አልቋል። እኔ ቀየርኩት፣ እሱ ሄደ፣ በሳምንቱ ቆመበት። ለሰፈሩ 'እሳቸው ቀይረውት ቆመ' ብሎ አወራ። ከዚያ በኋላ እኔስ ምን አስነካኝ?" ሐኪም ቤት የሚሄደው ሊሞት የደረሰ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ሐኪም ቤት ይገድላል ማለታችን አይቀርም።

በእርግጥ በእምነቱ ውስጥ አንድ እውነት አለ። ሰሌዳዎቹ ባለቁበት ካምቢዮ ውስጥ ከሰሌዳው የተፋቀው ብናኝ በአሮጌው ዘይት ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ያ ብናኝ ትንሽ መያዣ ሆኖ ያገለግል ይሆናል። አዲስ ዘይት ገብቶ ሲያጥበው መንሸራተቱ ይገለጣል። በተለይ በማሽን ግፊት ሙሉውን ዘይት አንድ ጊዜ ጠርጎ ማውጣት በእንዲህ ያለ ካምቢዮ ላይ አደጋ አለው፤ ቆሻሻው ጠባብ የዘይት መንገዶች ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ቀድሞ እየተንሸራተተ ያለውን ካምቢዮ ዘይት አያድነውም፤ እዚያ ላይ "አትንካው" የሚሉት ልክ ናቸው። ደህና በሚሠራው ላይ ሲሉት ግን ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን አባባል ገልብጠው ነው የያዙት።

ዘዴው ከባድ አይደለም። በታች ያለው መክፈቻ ሲፈታ የሚወጣው ዘይት ከጠቅላላው ሲሶው እስከ ግማሹ ነው፤ ሌላው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። ካምቢዮው 7 ሊትር ይይዛል እንበል፣ አንድ ጊዜ ሲፈስ 3 ሊትር ይወጣል። ያንን ተክቶ ሁለት ሦስት ሳምንት መንዳት፣ ከዚያ እንደገና 3 ሊትር ማፍሰስ። ከመጀመሪያው በኋላ 43 በመቶው አዲስ ነው፣ ከሁለተኛው በኋላ 67፣ ከሦስተኛው በኋላ 81። ካምቢዮው ሳይደነግጥ ይታደሳል፤ ወጪውም በሦስት ወር ደመወዝ ላይ ይከፋፈላል። የታችኛው ክዳን ከተፈታ ደግሞ ውስጡ ማግኔቶች አሉ። ማግኔቱ ላይ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ጥቁር ነገር ቢለጠፍ ያለ ነው። በጣት የሚለቀም የብረት ስባሪ ካለ ግን ያኔ ለሌላ ወጪ መዘጋጀት ነው።

ከጊዜው ይልቅ ብዙ ካምቢዮ የሚገድለው ግን የዘይቱ ዓይነት ነው። የሞተር ዘይት ላይ ትንሽ ብንሳሳት ሞተሩ ይታገሠናል። ካምቢዮ አይታገሥም፤ የሰሌዳው አያያዝ የተሰላው በዚያ ዘይት ቅመም ነውና። የቆዩት ቶዮታዎች ቲ-4 የሚባለውን ይፈልጋሉ፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ደብሊው ኤስ የሚባለውን፤ ሁለተኛው ቀጭን ነው፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ሃዩንዳይና ኪያ የራሳቸው አላቸው፣ ሆንዳ የራሱ አለው። አዳዲሶቹ ቪትዞችና ብዙ የኒሳን መኪኖች ደግሞ ሲቪቲ ናቸው። እዚያ ውስጥ እንደተለመደው የሚቀየር ማርሽ የለም፤ የብረት ቀበቶ በሁለት መዘውሮች መካከል ተጨንቆ ነው የሚዞረው፤ እንዳይንሸራተት የሚያደርገውም ለሲቪቲ የተሠራ ዘይት ብቻ ነው። ኒሳን በ2003 እና በ2010 እ.ኤ.አ. መካከል ላሉ የሲቪቲ ሞዴሎቹ አሜሪካ ውስጥ ዋስትናውን ወደ 10 ዓመት ለማራዘም ተገዶ ነበር። አምራቹን ራሱን ያስጨነቀ ነገር ነው፤ ከበርሜል በሊትር እየተቀዳ "ለሁሉም ይሆናል" እየተባለ የሚሸጥ ቀይ ዘይት ይፈታዋል ብዬ አላምንም። ፎርጅዱስ? ታሽጎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ከኦሪጅናሉ አጠገብ ተደርድሮ ይሸጣል። እኔ የምገዛው ደረሰኝ ከሚቆርጥልኝና ነገ ብመለስ ከማገኘው ሰው ብቻ ነው።

አለካኩም እንዲሁ። ብዙ ጋራዥ ውስጥ የካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት ሞተሩ ጠፍቶ ሲለካ አያለሁ። ሞተሩ ሲጠፋ ኮንቨርተሩ ውስጥ ካለው ዘይት የተወሰነው ወደ ታች ይመለሳል፤ መለኪያ ዘንጉ ላይ ሙሉ ይመስላል፣ መኪናው ግን ጎድሎበት ነው የሚሄደው። በአብዛኞቹ መለኪያ ዘንግ ባላቸው ቶዮታዎች ትክክለኛው መንገድ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ በደንብ ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹን በየቦታው አስገብቶ ወደ ፒ ከመለሱ በኋላ ማየት ነው። ሆንዳ ላይ ተቃራኒው ነው፤ ሞቆ፣ ወዲያው ጠፍቶ ይለካል። አዳዲሶቹ ጭራሽ መለኪያ ዘንግ የላቸውም፤ ከታች ባለ ቀዳዳ፣ በተወሰነ የዘይት ሙቀት ነው የሚለኩት፤ የሙቀት ማንበቢያ የሌለው ጋራዥ በግምት ነው የሚሞላው። መኪናችሁን ስትሰጡ "ስንት ዲግሪ ላይ ነው የምትለካው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሰውየው ከሳቀ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ቁጥር ስጠን የምትሉ አላችሁ። የእኔ መልስ ይህ ነው፤ የማንም መመሪያ ቃል በቃል አይደለም፣ ከመመሪያዎቹና ከጠየቅኋቸው ካምቢዮ ከፋቾች የደረስኩበት ነው። በቀን 150 ኪሎ ሜትር የምትሠራ የራይድ መኪና በ300 የሥራ ቀን 45 ሺህ ትሄዳለች፤ ለእሷ 40 ሺህ፣ ማለትም በዓመት አንዴ። ሲቪቲ ከሆነች ከዚያ አታሳልፉ። ከቤት ቢሮ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ገበያ ብቻ ለምትሄድ የቤት መኪና 60 ሺህ፤ በዓመት 10 ሺህ የማትሞላ ከሆነ ግን ኪሎ ሜትሩን ትታችሁ በአምስት ዓመት። ታሪኳን የማታውቋት፣ አሁን የተገዛች መኪና ደግሞ ምንም ቁጥር አያስፈልጋትም። መቁጠሪያዋ የሚናገረውን ማንም አያውቅም። በደንብ እየሄደች፣ ዘይቷ ሳይሸት ከሆነ በዚያው ሳምንት የመጀመሪያውን 3 ሊትር አስቀይሩ።

ኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነን ብላችሁ እየሳቃችሁ ከሆነ፣ ግማሽ ልክ ናችሁ። ባለ ብዙ ማርሽ ካምቢዮም ቶርክ ኮንቨርተርም የላችሁም። የሞተሩን ዙር የሚቀንስ የማርሽ ሳጥን ግን አላችሁ፣ ውስጡም ዘይት አለ። ስለ እሱ ሻጩን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ባለፈው ወር አንድ ጓደኛዬ መኪና ሊገዛ አብሬው ሄድኩ። ደላላው ወጣት ነው፣ አፉ ይፈጥናል። ኮፋኖውን ከፈተ፣ ሞተሩ ታጥቦ ያብለጨልጫል። ሊብሬውን አሳየን፣ ቦሎውን አሳየን። "የካምቢዮ ዘይቷ መቼ ተቀየረ?" አልኩት።

"አባቴ፣ ይቺ መኪና?" አለ ደረቱን እየነካ። "ካምቢዮዋ በእጅ አልተነካም። ከነጃፓን ዘይቷ ነው ያለችው!"

ሞዴሏ 2007 ነው። ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረ፣ እኔ ስልኬን አውጥቼ የዘይቱን ዋጋ፣ የሦስት ዙር ቅየራውንና ከሱማሌ ተራ የሚገዛውን ካምቢዮ ግማሽ ደመርኩ። ድምሩን አሳየሁትና "ይህንን ቀንስና እንነጋገር" አልኩት። ደላላው ስልኩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ባለቤቱ ጋ ሊደውል ራቅ ብሎ ቆመ።